ከተቆለፈ ቤት የወጣ የመከለሻ ሽታ

በዚያ ዘመን ሥራ የሚበዛብኝ ከሥራ ከወጣሁ በኋላ ነበር። ጎንደር ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ የበሽተኛ ካርድ ሳወጣና ስመልስ እውላለሁ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ደግሞ ወደ ቤቴ ሳይሆን ወደ ቀበሌ አዳራሽ። ሰኞ ውይይት ነው፣ ማክሰኞ የሴቶች ማኅበር፣ ሐሙስ መሠረተ ትምህርት አስተምራለሁ። የሰፊውን ሕዝብ ችግር ስንወያይ አምሽተን ስንበተን የእኔ ሆድ ይጮኻል። በባዶ ሆድ ስለ ምርት እድገት ንግግር መስማትን ያህል የሚያናድደኝ ነገር አልነበረም። መናደዴን ግን ለማን እናገራለሁ? ከሁሉም ጋር አጨበጭባለሁ።

ስለዚህ ቤቴ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሠራ ወጥ አበጀሁ። ጾም ላልሆነ ቀን እንዲደርስልኝ፣ በዋዜማው ከሥጋ ቤት የበሬ ጎድንና ትንሽ ቅልጥም እገዛለሁ። ሽንኩርቱን ማታውኑ አቁላላለሁ፤ በርበሬውን እያሸሁ ቁሌቱን ጨርሼ እተኛለሁ። ጠዋት ሥጋውን ከነአጥንቱ በሸክላ ድስት አድርጌ፣ ውኃውን ከወትሮው አበዛና አንድ ጊዜ እስኪፈላ እጠብቃለሁ። ከዚያ የከሰል ምድጃውን ፍም በአመድ አዳፍናለሁ፣ ድስቱን እጥዳለሁ፣ የክዳኑን ዙሪያ በእርጥብ ጨርቅ እጠቀጥቃለሁ፣ በሬን ቆልፌ እሄዳለሁ። ድስቱ ፈላ አይባል፣ አልፈላ አይባል፤ ጓዳ ውስጥ ብቻውን ሲንተከተክ ይውላል። ማታ ስመለስ ሥጋው ከአጥንቱ በጣት ይለቃል። ፍሙን ገለጥ አድርጌ ድንችና ካሮት እጨምራለሁ፤ እሱ ሲበስል በመጨረሻ አንድ ማንኪያ ቅቤና ትንሽ መከለሻ ጣል አድርጌ አወርደዋለሁ።

የመከለሻውን ነገር ያስተማረችኝ በአንድ ግቢ የምንኖር ጎረቤቴ ናት። የቄስ ሚስት ናት፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ በባልትና ደግሞ ሰፈሩን ሁሉ ትበልጣለች። ኮረሪማውንና ጥቁር አዝሙዱን ራሷ ወቅጣ በብልቃጥ ሰጥታኛለች። "መከለሻ ከማውረጃው ላይ ነው። ቀድመሽ ከጨመርሽው ሽታው ለጎረቤት፣ ለአንች ምንቸቱ ብቻ ይተርፍሻል" ትለኛለች። ወጤን ቆልፌ መሄዴ ደግሞ ዘወትር ያስቃታል። "ሌባ ሲታሰር አይቻለሁ፤ ወጥ አስሮ የሚሄድ ሰው ግን አንችን አየሁ" እያለች ለመጣ ለሄደው ታወራልኛለች። እወዳት ነበር። አሁንም ያን መካድ አልችልም።

እንግዲህ ያን ጊዜ የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ነበር። እናቴ የምትኖረው ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ነው። እዚያ የገበሬ ማኅበሩ የታናሽ ወንድሜን ስም መዝግቦ ስለ ነበር፣ እናቴ ሳይመጡበት ብላ ወደ እኔ ላከችው። የቤታችን የመጨረሻ ልጅ ነው፤ ገና ጢሙን በወጉ ያላወጣ፣ ቁመቱ ብቻ የሰው የሚያህል። ቅዳሜ በገበያተኛ መሐል ተደባልቆ ገባ። ከዚህ በፊት የላከችልኝ ገብስም በሶም አደራ ተብሎበት አያውቅም፤ በወንድሜ ግን አደራ ብላ ላከችብኝ። "ልጄን ካንች እጅ እሻዋለሁ በልልኝ" ብላዋለች። ሳቅ እያለ ነበር የነገረኝ። እኔ አልሳቅሁም።

የቀበሌው ኮታ እስኪሞላና ዙሩ እስኪያልፍ ድረስ ከሰው ዓይን መሰወር ነበረበት። መላው ቀላል ነበር፦ ጠዋት ስወጣ እሱን ከውስጥ ትቼ በሩን ከውጭ እቆልፋለሁ። ቁልፍ የተንጠለጠለበትን ቤት ማን ያንኳኳል? ከጓዳዬ ጢስ ቢወጣም፣ ሥጋ ሥጋ ቢሸትም የሚገረም የለም፤ ድስቴን ሰፈሩ ሁሉ አስቀድሞ ያውቀዋል። ለጎረቤቴም ቢሆን አልነገርኳትም። ክፉ ሆና አይደለም፤ አፏ እንደ እጇ ለጋስ ስለ ነበረ ነው።

እሱ ግን ቤት መዋል አስጠላው። ለደገኛ ልጅ ከጣሪያ በታች መዋል እስር ነው። ሲሰለቸው ጓዳዬን ያጠናል። እኛ አገር ወንድ ልጅ ጓዳ ገብቶ ማማሰያ ቢይዝ የሰፈር መሳቂያ ይሆናል፤ እሱ ግን የሚያየው ሰው ስላልነበረ ነውሩን ረሳው። ማታ ማታ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ "ይኸ ምንድን ነው? ይኸስ መቼ ነው የሚገባ?" እያለ ያደርቀኛል። "እማዬ ብታይህ ዓይኗን ታጠፋለች" ስለው ይስቃል። "ጦር ሜዳ ከምሄድ ሴት ብሆን ይሻለኛል፣ እታለም" አለኝ አንድ ቀን። በጣም ሳቅን፤ ድምፃችን እንዳይሰማ አፋችንን በነጠላ ይዘን።

አንድ ማክሰኞ እንደ ልማዴ ድስቴን ጥጄ፣ ቆልፌ ሄድኩ። ማለዳ ራሴን ሲያመኝ ወንድሜ አይቶ ነበር። ከሥራ በቀጥታ ወደ ሴቶች ማኅበር ስብሰባ ሄድኩና አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ሊቀመንበሯ ገና አልመጣችም፤ ሴቶቹ ሹራብ እየሠሩ ይጫወታሉ። ጎረቤቴ ገባችና ከፊቴ ካለው አግዳሚ ተቀመጠች። ዞር ብላ አየችኝና ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

"አንች! ምነው ዛሬ ወጥሽ ራሱን ከለሰሳ!"

ሴቶቹ ሳቁ።

"እኩለ ቀን ላይ እህል ላሰጣ ብወጣ ግቢው በሙሉ መከለሻ መከለሻ ይላል። ቁልፉን ባይ እንደ ተንጠለጠለ ነው። መልአክ ቀጠርሽ እንዴ?"

ወዲያው ገባኝ። ወንድሜ ደክሞኝ ስመጣ፣ እንደ ደረስኩ እንድበላ ብሎ ወጤን ጨርሶልኝ ነው።

"ጠዋት ከልሼው ነው የወጣሁት" አልኩ፣ ድምፄን ቀለል ለማድረግ እየሞከርኩ።

እዚህ ላይ ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ ሳቅ ሆኖ ይቀር ነበር። ግን የነካሁባት ባልትናዋን ነው። "ኧረ ወዲያ!" አለች። "ጠዋት የተከለሰ ወጥ ቀን ላይ እንዲህ አይሸትም። ያስተማርሁሽ እኔ፣ መከለሻው የእኔ፤ አፍንጫዬን ልታታልይው? ቅቤው ገና ሲቀልጥ ነው የሸተተኝ!"

በሩ ላይ ጠመንጃውን ተደግፎ የቆመ አንድ አብዮት ጠባቂ ነበር። ከሴቶቹ ጋር እየሳቀ ሲሰማ ቆይቶ ሳቁን ተወው። ወደ እኔ አየ። እሱም የእናት ልጅ ነው፤ መከለሻ መቼ እንደሚገባ ያውቃል። ጠመንጃውን አነገተና ወጣ።

ተነሥቼ መሮጥ ነበረብኝ ትሉኝ ይሆናል። ብሮጥስ ከጠመንጃ ልቀድም ነው? መሮጤ ራሱ ምስክር ይሆንብናል፤ ምናልባት ሽንቱን ሊሸና ወጥቶ ይሆናል እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ሊቀመንበሯ መጥታ ስለ ሴቶች መደራጀት መናገር ጀመረች። ባጨበጨቡ ቁጥር አጨበጨብኩ። በሕይወቴ ከሁሉ የጠላሁት ድምፅ የዚያን ቀን የእጄ ጭብጨባ ነው።

ቤቴ ስደርስ የቁልፉ ማንጠልጠያ ከነምስማሩ ተነቅሏል። ቤቱ አልተመሰቃቀለም። ድስቱ ከምድጃው ወርዶ የሣር ማስቀመጫው ላይ ተቀምጧል፤ ትሪው ላይ እንጀራው ተዘርግቶ በነጠላዬ ተሸፍኗል። ለሁለት ሰው የሚሆን ነው ያቀረበው። እዚያው መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ።

ጎረቤቴ "እሪ!" እያለች ደረሰች። ሲወስዱት አይተው ሰፈርተኞች ነግረዋታል። አቅፋኝ ከእኔ ይልቅ አለቀሰች። "ምነው ለእኔ ሳትነግሪኝ?" አለች ደረቷን እየመታች። "ከቄሱ ቤት ማን ደፍሮ ይፈትሽ ነበር? በክንዴ እሸሽገው አልነበር?" የተናገረችውና የሆነው ነገር በአሳቧ አልተገናኘም። ዓይኗን አየሁት፤ ምንም አልነበረበትም። ከዚያ እህል አይጣልም፣ የልጁ እጅ ነው ብላ በግድ አጎረሰችኝ። ወጡ ይጣፍጥ ነበር። እያለቀስኩ መጣፈጡን ማወቄ አሳፈረኝ።

በማግሥቱ የቀረውን ወጥ ቋጥሬ አዘዞ ወረድኩ፤ የታፈሱትን ወደ ማሠልጠኛ እስኪጭኗቸው እዚያ ሰብስበዋቸው ነበር። እንደ እኔ ስንቅ የያዙ እናቶች አጥሩን ከበው ቆመዋል። ወንድሜን ሳየው ራሱን ላጭተውታል፤ ጆሮው ትልቅ ሆኖ ታየኝ። በአጥሩ ቀዳዳ አጎረስኩት።

"ጣፈጠ?" አለኝ እያላመጠ። "ጨው በዝቶበት ይሆን ብዬ ስሰጋ ነበር።"

"ሸጋ ነው" አልኩት።

"ራስሽን ሲያምሽ አይቼ ነው፣ እታለም። መጥተሽ ደግሞ ጓዳ ከምትቆሚ ብዬ።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ግን ማን ነገረብኝ?"

"አላውቅም" አልኩት። ያን ለጋ ደግነቱን ይዞ ይሂድ እንጂ፣ ያሲያዘህ ደግነትህ ነው ብዬ ስንቅ አልቋጥርለትም። ሲጭኗቸው እጁን አወዛወዘልኝ። እኔም አወዛወዝኩ። መኪናው ከታጠፈ በኋላም እጄን ማውረድ ረስቼ ቆሜ ነበር ይሉኛል።

ለእኔ የደረሰኝ ቅጣት አዳራሹ መሐል ቆሜ ግለ ሂስ ማድረግ ነው። ወንድሜን መደበቄ ስሕተት ነው ብዬ ተናገርኩ። ጎረቤቴ ከኋላ ሆና ታለቅስ ነበር።

ወንድሜ አንድ ጊዜ ከኤርትራ በሰው ሰላምታ ላከ። ከዚያ ዝም አለ። ቆይቶ አብሮት የነበረ፣ አንድ እጁን ያጣ ልጅ ተመልሶ የወንድሜን መሞት ነገረን። እናቴን ከመካነ ብርሃን አስመጣንና ቤቴ መርዶውን ሰማች፤ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጣለ። ጎረቤቴ የእናቴን እግር አጠበች፣ ጭኗ ላይ አስተኛቻት፣ ለለቀስተኛው ንፍሮ ቀቀለች። ከእኔ ይልቅ ልጅ የሆነቻት እሷ ነበረች።

በሦስተኛው ቀን እናቴ ቀና አለች። "የኔን ልጅ ማን ጠቆመው?" ብላ ጠየቀች። የጠየቀችው እኔን ነበር።

እኔ ሳልመልስ ጎረቤቴ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። የቄስ ሚስት ናት፣ እርግማኗ ይፈራል። "የጠቆመውን እግዜር ይፍረድበት" አለች። "ልጁ እንደ ወጣ ይቅርበት። እሱም በር በሩን ሲያይ ይሙት!"

"አሜን" አለች እናቴ። ለቀስተኛው ሁሉ "አሜን" አለ።

በበሩ በኩል የጎረቤቴ አንድ ልጇ ይታየኛል። ነፋስ ያላላውን የድንኳን ገመድ ያጠብቃል፤ ዕድሜው ለሚቀጥለው የአፈሳ ዙር የደረሰ ነበር።

"አንችስ?" አለችኝ ጎረቤቴ፣ በእንባዋ መሐል። "ምነው አሜን አትይም?"

አሜን ብል የምረግመው ያን ልጅ ነው፤ አላልኩም። ቤቱ ሁሉ እኔን ይጠብቃል። እናቴ ዓይኗን ከፊቴ ላይ ሳትነቅል አየችኝ፤ ከዚያ ቀስ ብላ ነጠላዋን ወደ ራሷ ሰበሰበች። በማግሥቱ አልቆይም ብላ ወደ አገሯ ተመለሰች። ልጠይቃት ስሄድ አታባርረኝም ነበር፤ ምግብም ታቀርብልኛለች። ላጎርሳት እጄን ስዘረጋ ግን ፊቷን ታዞራለች።

የጎረቤቴ ልጅ አድጎ የልጆች አባት ሆኗል፤ ሲያገኘኝ ጉንጬን ስሞ እናቱ የላከችልኝን መከለሻ ያቀብለኛል። እናቴ ግን ልጇን የጠቆምኩት እኔ መስያት ሞተች።