የአክስቴ የላዋ ጉንጮች

አክስቴ ላዋ ከጆሮዎቿ እስከ ከንፈሯ የተነቀሰች ነበረች። በእኛ በታይዋን ተራራ በምንኖር አታያሎች ዘንድ ይህ ምልክት ሽመና ለተካነች ሴት እንጂ ለማንም አይሰጥም። ስትሞት ደግሞ ቀድመው የሄዱት ዘመዶቿ ወደ ሙታን ዓለም በሚያሻግረው የቀስተ ደመና ድልድይ ላይ ቆመው ፊቷን ያዩና «የኛ ናት» ብለው ያሳልፏታል። አገራችንን የገዙት ጃፓኖች ንቅሳት ሲከለክሉ ብዙዎቹ ሴቶች ጉንጫቸውን በቢላ አስፋቁ። ላዋ ግን ጫካ ገብታ ተደበቀች።

እናት አባት የሌላትን የልጅ ልጇን ሳዩንን ያሳደገቻት እሷ ናት። ሳዩን አድጋ ለሜዳ ሰው ታጨች። ሠርጉ ሲቃረብ የሙሽራው እናት መንደራችን ድረስ መጣች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር።

«እናቴ፣ እኛ እንኳ የተራራ ሰው ብለን አንንቅም» አለች፣ የላዋን እጅ ይዛ። «ልጅዎን እኮ ወደን ነው የወሰድናት። እንግዶቹ ግን... የሰው አፍ ያውቁት የለ? ለዚያች ቀን ይቺን ቢያደርጉልን።» ከቦርሳዋ የአፍ መሸፈኛ ጨርቅ አወጣች።

ደሜ ፈላ። ላዋ ዞር ብላ ሳዩንን አየቻት።

«አንቺስ ምን ትያለሽ፣ ልጄ?»

«አንድ ቀን እኮ ነው፣ እማማ» አለች ሳዩን መሬት መሬቱን እያየች።

«በቃ፣ ጉንፋን ይዟታል በሏቸው» ብላ ላዋ ሳቀች። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ አንጀቴን ይበላዋል።

በሠርጉ ዕለት ያ ሁሉ ምግብ ፊቷ ሲመላለስ አንዴ እንኳ አልጎረሰችም። ለመብላት መግለጥ ነበረባታ! ማታ ቤት ገብታ ቀዝቃዛ ስኳር ድንች እየላጠች፣ «ያጉ፣ እዚያኛው ዓለም ደግሞ ተሸፍኜ እንዳልሄድ፤ አደራሽን» አለችኝ።

ዓመት ሳይሞላ ሞተች። ከእርሻ ሮጬ ስደርስ ሳዩን ከከተማ ባስመጣችው ገናዥ አስከሬኑ ተሰናድቶ ሳጥን ውስጥ ገብቷል። ላዋ ፊቷ ላይ ወፍራም የመዋቢያ ዱቄት ተለስኖ ንቅሳቱ ድራሹ ጠፍቷል።

«አላማረባትም፣ እትዬ?» አለችኝ ሳዩን እያለቀሰች። «አሁን ማንም አያሾፍባትም።»

የልብሴን ጫፍ ውሃ ነክሬ ጉንጯን መጥረግ ጀመርኩ።

«እትዬ ያጉ፣ ተዪ! አማቶቼ በር ላይ ናቸው!» ብላ እጄን ያዘችኝ። ለቀብር የመጡት ሰዎች ጎትተው አወጡኝ፤ ሳጥኑም በምስማር ተመታ።

የጠረግኩላት አንዱን ጉንጭ ብቻ ነው። ድልድዩ ላይ የቆሙት በአንድ ጉንጭ ይለዩዋት ይሆን? ይህን ሳስብ እህል አይወርድልኝም።