ሰባት ቤት የቆጠረው የኮሪያ ልጅ

መጀመሪያ ያየሁት ስሙን ነው፤ ሰውየውን ያየሁት ቆይቼ ነው። በአሮጌው ከተማ፣ በዕብራይስጥ ሃዒር ሃዓቲቃ በምንለው ሰፈር፣ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ደም እቀዳለሁ። ከኮምፒውተሩ ላይ ስም እጠራለሁ፣ ሰው ይነሳል፣ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ይሰጠኛል። የዚያን ዕለት ጠዋት «ሮ» የሚል የቤተሰብ ስም ጠራሁ። የተነሳ የለም። ደግሜ ጠራሁ። ጥግ ላይ የተቀመጠ ቀጭን ሰው እጁን ከፍ አድርጎ በዕብራይስጥ፣ «እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ግን እንደዚያ ተብዬ አላውቅም» አለኝ። የገዛ ስሙን የማያውቅ ሰው ደግሞ ጣለብኝ ብዬ ተናደድኩ። ጠዋት ጠዋት ግልፍተኛ ነኝ፤ ከሰዓት በኋላም ብዙ አልሻል።

መርፌውን እስክነቅል ድረስ ነገሩን ሁሉ አስረዳኝ። ኮሪያዊ ነው፤ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ስለ በረሃ ውኃ ያጠናል። በአገሩ የቤተሰቡ ስም «ኖ» ነው የሚባለው። አያቱ ግን በጦርነቱ ጊዜ ከሰሜን የሸሹ ሰው ነበሩ፤ የሰሜን ሰው ያንኑ ስም «ሮ» ብሎ ስለሚጠራው፣ በፈረንጅ ፊደል ሲጻፍ በእሳቸው አንደበት ተጻፈ። አጎቱ በበኩሉ በደቡቡ አነጋገር አስጻፈ። የአጎቱ ልጅ ደግሞ መጨረሻው ላይ አንድ ፊደል ቀነሰ። «ሦስታችን አንድ አውሮፕላን ላይ ብንሳፈር ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ነን» አለኝና ሳቀ። ጥጡን ክንዱ ላይ እንደያዝኩ እኔም ሳቅሁ።

የሳቅሁት የኛን ቤት አስታውሶኝ ነው። እኛ ድሮ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር አልነበረንም፤ ሰው የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነው፣ አለቀ። አባቴ ከጎንደር ተነስተው በሱዳን በኩል ወደዚህ፣ ወደ ኢየሩሳሌም አገር ቀድመው ሲገቡ፣ የመዘገበቻቸው ሴት የአባታቸውን ስም የቤተሰብ ስም አደረገችው። ታናሽ ወንድማቸው፣ አጎቴ፣ ከዓመታት በኋላ፣ በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ወገኖቻችንን ባጓጓዘው አውሮፕላን ሲመጣ ሌላ ጸሐፊ የአያታቸውን ስም ጻፈለት። ከአንድ ማህፀን የወጡ ወንድማማቾች በመታወቂያ ባዕድ ሆኑ። አባቴ ልባቸውን ታመው ሆስፒታል በተኙ ጊዜ በር ላይ የቆመው ጥበቃ አጎቴን «ምናቸው ነህ?» አለው። «ወንድማቸው።» «ታዲያ ስማችሁ ለምን ተለያየ?» እሱን እስኪያስረዳ ድረስ የመጠየቂያው ሰዓት አለፈበት። ይህንን ለኮሪያው ሰው ነገርኩት። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ።

በሳምንቱ ውጤቱን ልወስድ ብሎ መጣ፤ ውጤት በስልክ እንደሚታይ እኔም እሱም እያወቅን። ከዚያ አብረን ምሳ በላን። ከዚያ ሌላ ምሳ። ሚጥሚጣችን አልበገረውም፤ እንዲያውም «ይቺ ለልጆች ናት?» ብሎ አሾፈብኝ። እኔ ያኔ ሠላሳን ያለፍኩ፣ በየሠርጉ አክስቶቼ ከንፈር የሚመጥጡልኝ ሴት ነበርኩ። ያለ ባል መኖር ለምጄዋለሁ እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራ ነበር። እሱ ከመጣ በኋላ ውሸቴን እንደነበር ገባኝ። ወደድኩት፤ ሌላ የማሳምረው ቃል የለኝም። እንዲያገባኝ እፈልግ ነበር። ከእሱ ልጅ እፈልግ ነበር።

ሽኩና ጊሜል በሚባለው ሰፈር ወዳለው ቤታችን ስወስደው ደረጃውን እየወጣን የሽማግሌ ጉልበት አሳሳም አስተማርኩት። አባባ ተቀምጠው ጠበቁት። አጎቴም ነበር። ጉልበታቸውን ስሞ ሲቀመጥ አባባ ስለ ሥራው አልጠየቁትም፣ ስለ አገሩም አልጠየቁትም። ወደ እኔ ዞረው «ሰባት ቤት ይቁጠርልኝ» አሉ።

እኛ ዘንድ ልጅ ከመሰጠቱ በፊት በሁለቱም ወገን ሰባት ትውልድ ይቆጠራል። በዚያ ውስጥ ሥጋ ከተገናኘ ጋብቻው የለም። ስንት የተዋደዱ ልጆች አምስተኛው ወይም ስድስተኛው አያት ላይ ተገናኝተው እያለቀሱ ተለያይተዋል። አጎቴ በሳቅ ፈረሰ። «ኧረ እባክህ ወንድሜ! ከኮሪያ ጋር ምን ያዛምደናል?» አባባ አልሳቁም። «ለሌላው ጠይቄ ለእሱ ብተውለት መናቅ ነው። ይቁጠር።»

እኔ በሐፍረት እየተሸማቀቅሁ ተረጎምኩለት። እሱ ግን ቀና ብሎ ተቀመጠ። «በእኛም አገር ይጠየቃል» አለ። ስም ብቻ መጥራት አይበቃም፤ ስሙ ከየት ከተማ እንደተነሳ መናገር ያስፈልጋል። ያንን ስም ይዞ ከቻይና በባሕር የመጣ አንድ የጥንት ሰው ነበር ይባላል፤ ዘጠኝ ወንዶች ልጆች ነበሩት፣ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ አገር ተሰጣቸው። ኖ የሚባል ሰው ሲገናኝ የየትኛው አገር ኖ እንደሆነ ይጠያየቃል። ስሙም አገሩም አንድ ከሆነ እንደ እህትና ወንድም ነው፤ ድሮ መጋባት ነውር ነበር። የእነሱ ቤት ፑንግቾን ከሚባል ከተማ ነው። ከተማው ዛሬ ከድንበሩ ወዲያ፣ በሰሜን ቀርቷል። እሱም አባቱም አይተውት አያውቁም።

«አይተውት አያውቁም፤ ግን ከዚያ ነን ይላሉ?» አሉ አባባ።

«አዎ። ለልጅም የሚነገረው እንደዚያው ነው።»

አባባ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ዓይን ዓይኑን አዩት። «እኛም ኢየሩሳሌምን እንደዚያ ነበር የምንላት» አሉ።

ከዚያ ቆጠረ። አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እያለ፣ ሳይቸኩል። አባባ እያንዳንዱን ስም ተከትለው በጎንደር አንደበታቸው ይደግሙታል፣ ጣታቸውን ያጥፋሉ። ከሰባት ሲያልፍ እኔ በቃ ልለው ነበር፤ አባባ በእጃቸው ዝም አስባሉኝ። የገዛ ወንድሜ እዚህ ተወልዶ፣ ወታደር ቤት ገብቶ ወጥቶ፣ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ «አባባ ዳይ፣ በቃ፣ ተወኝ» ብሏቸው ያውቃል። የዚያን ቀን ማታ አባባ «ይህ ልጅ አባት ያለው ነው» አሉኝ። ከእሳቸው አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ጊዩር የሚሉት፣ ወደ ሃይማኖታችን መግባቱ። ያለሱ አባባ አይሰጡኝም፣ በዚህ አገር የሚድረንም የለም። ለእኔ ሲል እሺ አለ። ማታ ማታ ትምህርት ጀመረ፤ ጥናቱን በቀን፣ ጸሎቱን በማታ። ለወላጆቹ በስልክ ነገራቸው። እናቱ አለቀሱ። አባቱ «ጤናህን ጠብቅ» ብለው ዘጉ፤ ከዚያ በኋላ በደወለ ቁጥር ከዚያች ቃል በላይ አይሉትም ነበር። እሱ እየቆዩ ይለምዱታል ይለኝ ነበር፤ እኔም ማመን ስለሚበጀኝ አመንኩት።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከትምህርቱ ደስ ብሎት መጣ። ፈተናው ቀርቧል። አባባ አጠገብ ተቀምጦ፣ «ስጨርስ ኦሪት ለማንበብ ስጠራ የአብርሃም ልጅ ነው የምባለው። በጋብቻ ውላችንም ላይ እንደዚያው ይጻፋል» አለ። ተረጎምኩላቸው።

«አብርሃም የሁላችን አባት ነው፤ ጥሩ» አሉ አባባ። «የወለደው አባቱስ? የት ይገባል?»

የተማረውን እንደ ጎበዝ ተማሪ መለሰ። የገባ ሰው እንደ አዲስ የተወለደ ሕፃን ይቆጠራል። የመታወቂያ ስሙን የሚነካበት የለም፤ በሃይማኖቱ በኩል ግን የአባቱ ስም አይጠራም። የአያቶቹን የሙት ቀን፣ እኛ ተዝካር እንደምንለው ያለውን፣ ማዕድ ዘርግቶ መስገድም ከዚያ በኋላ አይችልም። የበኩር ልጅ በኩር ነው፤ ከአባቱ በኋላ ያንን የሚያደርግ ሌላ ወንድ በቤቱ የለም። ይህን ሁሉ ቃል በቃል ተረጎምኩ፤ ምን እንደሚያመጣብኝ አላወቅሁም።

አባባ ዓይናቸውን ወደ ወለሉ ጣሉ። ሲናገሩ ለእሱ ሳይሆን ለመሬቱ የሚናገሩ ይመስሉ ነበር። «እኛ ስንመጣ ራቢዎቹ አይሁድነታችንን ተጠራጠሩ። ለጥርጣሬው ብለው ውኃ ውስጥ ግቡ አሉን። አባቴ አይሁዳዊ ሆኖ ኖሮ፣ አይሁዳዊ ሆኖ እንደተቀበረ እያወቅሁ፣ እንደ ባዕድ ራሴን ነከርሁ። ከውኃው ስወጣ አባቴ ቆሞ የሚያየኝ መሰለኝ። እስካሁን እንደቆመ ነው። ይህ ልጅ በሕይወት ያለ አባት አለው። ለእኔ ልጅ ብሎ አባቱን አይጥልም። ሳይገባ ልጄን አልሰጥም፣ ሃይማኖት ነው። እንዲገባም አልፈቅድም፤ ኃጢአቱን አልሸከምም።»

አልተረጎምኩም። «ምን አሉ?» አለኝ። አባት የምትለውን ቃል ያውቃታል፤ ደጋግመው ሲሏት ሰምቷል። «ምንም፤ ስለ ሰንበት ነው» አልኩት። አጎቴ ዕብራይስጡ ከእኔ አያንስም፤ ከፋብሪካ የለመደው ነው። ጉሮሮውን ጠረገና አንዲት ቃል ሳይጥል ተረጎመለት። እጁን ልነክሰው ደርሼ ነበር።

እሱ ሰምቶ ሲጨርስ ተነሳ። ጎንበስ ብሎ የአባባን ጉልበት ሳመ፣ ቀና ሳይል እንደዚያው ቆየ። አባባ ራሱ ላይ እጃቸውን ጫኑ። ሁለቱም ያለቅሱ ነበር፤ እኔን ግን ያየኝ አልነበረም።

ሰንበት ሳይገባ የመጨረሻውን አውቶቡስ እንዲይዝ እስከ ፌርማታው ሸኘሁት። ቆጵሮስ እንሂድ አልኩት፤ እዚህ የሚድረው ያጣ ስንቱ እዚያ ሄዶ ተጋብቶ ይመጣል። ራሱን ነቀነቀ። «አባቴ ሊለኝ ፈልጎ ያፈረውን ነው አባትሽ የተናገሩልኝ» አለኝ። «እንደ ልጅ ቆጥረው ካስገቡኝ ቤት ሰርቄ አልወጣም።» በዕብራይስጥ ለመቆጣት አንደበቴ ያንሰኛል፤ በአማርኛ የማውቀውን ስድብ ሁሉ አወረድኩበት። አንዱም አልገባውም፤ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። አውቶቡሱ መጣ።

ጥናቱን ጨርሶ በጸደይ ሄደ። እስከ ባቡር ጣቢያው ደርሼ ተመለስኩ። ባቡሩ ለሃቪም በሚባለው ቀጣዩ ጣቢያ ሲቆም ደወለልኝ። በሩ ሲዘጋ የሚያሰማው ድምፅ ተሰማኝ፣ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ከአባባ ጋር ስንት ጊዜ በአንድ ቤት ሳንነጋገር እንደኖርን አላውቅም። አንድ ቀን መድኃኒታቸውን ሳቀብላቸው አልቻልኩም፣ ፈነዳሁ። «ቆጥረው አስገቡት፣ ቆጥረው አስወጡት! ምን አድርጌዎት ነው?»

«ምንም አላደረግሽኝ፣ ልጄ።»

«አባቱን ጥሎ ይጸጸታል ብለው ከሆነ፣ እኔ ዘንድ ሆኖ ይጸጸት ነበር! እርስዎን ምን አገባዎት?»

አልተቆጡም። ክኒኑን መዳፋቸው ላይ እንደያዙ «የሠራሁብሽን አውቃለሁ» አሉ። «አሁንም ቢመጣ ያንኑ ነው የምለው። የከበደኝም ይኸው ነው።» ቢዋሹኝ፣ ተሳስቻለሁ ቢሉኝ እንዴት ደስ ባለኝ። ሁለት ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ እስከ አጥንታቸው ተግባቡ፣ እኔ መሃል ላይ ቀረሁ። ከሁለቱ አንዱ መጥፎ ሰው ቢሆን ኖሮ እረግመው ነበር።

አሁን አባባ አርጅተዋል። ከቤት የማይወጡ ሆነዋል፤ እኔም ሌላ ቤት አላቋቋምኩም፣ እሳቸው ዘንድ ነኝ። እሱ በየዓመቱ ለስግድ በዓል ይደውላል። ለእኔ አይደለም፤ ለአባባ ነው። ጆሯቸው ስለደከመ ስልኩን በድምፅ ማጉያው ያደርጉታል፣ ቤቱ ሁሉ ይሰማል። አማርኛው ጥቂት ናት፤ ያቺኑ እንደ ዕቃ ጠብቆ ይዟታል። አምና ከኋላው የትንሽ ልጅ ድምፅ ነበር። አባባ «ማን ናት?» ሲሉት «ልጄ ናት» አላቸው። «ትደግ» ብለው መረቁለት፤ ከልባቸው ነው የመረቁት። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ።

መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቃል። «አባባ፣ ቤት ሁሉም ደህና ናቸው?» ይላል። አባባ ወደ ወጥ ቤቱ በር ይመለከታሉ። እኔ ቧንቧውን ዘግቼ፣ እጄ ውኃ እያንጠባጠበ ቆሜያለሁ። «ሁሉም ደህና ናቸው፣ ልጄ» ይሉታል። አንድ ጊዜ እንኳ ደህና አይደለችም ብለውት አያውቁም፤ እሱም አንድ ጊዜ እንኳ ደግሞ ጠይቆ አያውቅም።