ሸክላው ልክ የዞረበት እሁድ

በዚያ እሁድ ከሰዓት በኋላ ቆቦ ውስጥ በምከራያት ክፍል የነበርነውን አንድ በአንድ ልጥራ። የግቢው ባለቤት እማማ፣ ያለችኝን አንዲት ወንበር ይዘው። የወንድማቸው ልጅ፣ ጠዋት ከጎብዬ የመጣችው፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ። ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ ጎኔ ያለውን ክፍል የተከራየው የሂሳብ መምህር፣ በሩን ተደግፎ። እኔ ደግሞ ወለሉ ላይ፣ ኮምፒውተሬ ፊት ለፊት።

የተሰበሰብነው በአንዲት ትንሽ የዘፈን ሸክላ ምክንያት ነው። ዘፋኙ የእማማ ታላቅ ወንድም ነው። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ሄዶ ይህችን ብቻ አስቀረጸ፤ ከዚያ ታሞ ተመለሰና ሚስቱ እርጉዝ ሳለች ሞተ። ልጁ ዛሬ ራሷ የልጆች እናት ናት። የአባቷ ፎቶ አላት፤ ድምፁን ግን ሰምታ አታውቅም። ሸክላው በእማማ ሳጥን ውስጥ በሻሽ ተጠቅልሎ ኖረ እንጂ የሚሠራ ማጫወቻ በአካባቢው አልተገኘም። የልጅቱ ባል ሚኒባስ ይነዳል፤ የመኪናው ቴፕ የሚቀበለው ሲዲ ብቻ ስለሆነ "በሲዲ አድርግልኝ" አለችኝ። ባዶ ሲዲ ስጠይቅ ባለሱቁ ስቆብኝ ከመደርደሪያው ጀርባ አቧራ የጠጣ አወጣልኝ።

ማጫወቻውን ያገኘሁት ዋጃ ውስጥ ከተዘጋ አንድ ሻይ ቤት ነው፤ አይሠራም ነበር። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ ሞተሩን ፈትቼ አጸዳሁ። ሳህኑን የሚያዞረው ላስቲክ ተበጣጥሶ ስለነበር ከብስክሌት ካላማዳሪያ፣ ከጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ ሌላ ቆርጬ ሠራሁ። መርፌውን የሚይዘው ክንድ አናት ላይ አንድ አሮጌ የሃምሳ ሳንቲም ተለጥፎበታል። በቆላው ሙቀት ሸክላ ስለሚጣመም መርፌው እንዳይዘል ሻይ ቤቶቹ እንዲህ ያደርጉ ነበር። እኔም የዕቃው አካል አድርጌ ተውኩት። ፍጥነቱን ለማረጋገጥ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጥፌ ዙሩን ቆጠርኩ፤ በደቂቃ አርባ አምስት፣ ልክ ሸክላው እንደሚፈልገው።

መቅዳት ስጀምር እማማ አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑ።

"ልጄ፣ ትንፋሼ ይገባበት ይሆን?"

"አይገባም እማማ፣ ማይክ የለውም። በመርፌው የሚመጣው ብቻ ነው የሚገባው። ወለሉ እንዳይነቃነቅ ብቻ።"

"እሱን ለመምህሩ ንገረው። እሱ ሲራመድ ቆርቆሮው ሁሉ ይንቀጠቀጣል።"

"እማማ፣ ቆሜም አልተረፍኩም?" አለ መምህሩ በሹክሹክታ።

መርፌውን አሳረፍኩ። መጀመሪያ የሞተር ጉርምርምታ የመሰለ ነገር ተሰማ፤ በኋላ ቆርጬ አወጣዋለሁ ብዬ ያዝኩት። ከዚያ ወፍራም፣ ረጋ ያለ የወንድ ድምፅ መጣ። ልጅቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ይሄ ነው?" አለች ሲያልቅ።

እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ወላሂ እሱ አይደለም።"

"እንዴት እማማ? ስሙ ተጽፎበታል እኮ!" አለ መምህሩ።

"ስሙማ የሱ ነው። ይሄ ግን ጠግቦ የበላ ሽማግሌ ነው። የወንድሜ ድምፅ ቀጭን ነበር፤ ከደጅ የሰማው ሴት ናት የምትዘፍነው ይል ነበር።"

"ይተዉ አክስቴ፣ ብዙ ዘመን ሆኖታል እኮ፤ ረስተውት ይሆናል። ለኔ ይሄም ይበቃኛል።"

"አይበቃሽም! የማታውቂውን ሰው አባቴ ብለሽ ልትሰሚ ነው? እኔ ስሄድ እሱ እንዳልሆነ ማን ሊነግርሽ ነው?"

"ዙሩን ቆጥሬዋለሁ እኮ" ልል አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። የቆጠርኩት ክንዱ ወደ ላይ ተነስቶ፣ ሳህኑ ባዶውን ሲዞር ነበር።

መርፌውን ሸክላው ላይ አሳርፌ እንደገና ቆጠርኩ፤ መምህሩ በስልኩ ደቂቃውን ያዘልኝ። አርባ እንኳ አልሞላም። ሳንቲሙ መርፌውን ሲጫነው የኔ ላስቲክ እየተንሸራተተ ሳህኑ ይዘገያል፤ ሲዘገይ ድምፁ ይወፍራል።

"ሳንቲሙን አንሳዋ፣ ኢንጂነር" አለ መምህሩ።

አነሳሁት። መርፌው ከተጣመመው ቦታ ሲደርስ ዘሎ ሄደ። መልሼ ለጠፍኩት።

"በኮምፒውተሩ ማፍጠን አይቻልም?" አለ መምህሩ።

"ይቻላል። ግን የሚንሸራተተው እኩል አይደለም። ጠማማው ጋ ሲደርስ ይብስበታል፤ ድምፁ እየተወላገደ ይቀራል።"

ስለዚህ ላስቲኩን እንደገና መሥራት ነበረብኝ። ከተረፈው ካላማዳሪያ በምላጭ አጠር ያለ ቆረጥኩ፤ መጋጠሚያው ጉብ ብሎ ሸክላውን እንዳያንገጫግጭ ጫፎቹን በሰያፍ ስዬ በማስቲሽ አጣበቅኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። ማስቲሹ እስኪደርቅ እማማ የዐስርን ሶላት ሰግደው ተመለሱ። አሁን መርፌው ተቀምጦ፣ ሳንቲሙም እላዩ ሆኖ ቆጠርኩ። አርባ አምስት።

"ቢስሚላህ በል" አሉ እማማ።

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ያ የሞተር ጉርምርምታ ብዬ ልጥለው የነበረው ነገር አንድ ወጣት ጉሮሮውን ሲጠርግ ሆኖ ተሰማ። ዘፈኑ ገና አንድ ቃል ሳይወጣው እማማ ጉልበታቸውን መቱ።

"እሱ ነው! አልሐምዱሊላህ፣ እሱ ነው! ሰርግ ቤትም እንዲሁ ነበር፤ ጉሮሮውን ሳይጠርግ አይጀምርም።"

ከዚያ ድምፁ መጣ፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ እሳቸው እንዳሉት። እማማ በጭብጨባ አጀቡት፤ ጭብጨባቸው ከዘፈኑ ምት አንድም ጊዜ አልወጣም። ትንፋሻቸውን የፈሩት ሴት አሁን ማንንም አልፈሩም።

ሲዲው ላይ ጉሮሮውን የጠረገባትን ሳልቆርጥ አስቀረሁ። የሸክላውን መንኳኳትም ድምፁን እንዳላሳሳው ብዬ ብዙ አልነካሁትም። ዛሬ ሚኒባሱ ከጎብዬ ቆቦ ሲመላለስ ይሰማል። አንድ ቀን ተሳፍሬ ሳለ አንድ ተሳፋሪ "ማነው ይሄ ልጅ?" ሲል ሹፌሩ "አማቴ ነው" አለው፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ከኋላ ወንበር ማንነቴን አልተናገርኩም፤ ግን እስክወርድ ድረስ ደረቴ ሞልቶ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ይጎድለኛል። ልጅቱ የአባቷን ትክክለኛ ድምፅ ስትሰማ ፊቷን አላየሁም። የድምፁ መጠን ከቀዩ መስመር አልፎ ቅጂው እንዳይበላሽ ዓይኔ ከኮምፒውተሩ አልተነቀለም ነበር፤ ዞር ስል ወደ ግቢው ወጥታለች። እማማ "ሳቀች" ይላሉ፣ መምህሩ "አለቀሰች" ይላል። ስለዚህ እዚያ የነበራችሁ ሁሉ፣ በተለይ አንቺ፣ የጎብዬዋ እህቴ፣ ያኔ ምን እንደሆነ ንገሩኝና እዚህ ላይ ልጨምረው።