ሐዲድ የሌለው የባቡር መንገድ

ከባለቤቴ ከፍሬው ጋር መጨረሻ ላይ አብረን የሠራነው ሥራ አንሶላ ማጠፍ ነበር። አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እኔ ይዘን ተራራቅን፣ ተቀራረብን። «ጠበቅ አድርጊው እንጂ» አለኝ። ሌላ አልተባባልንም።

ከቀብሩ ወራት ቆይቼ የመኪናውን ኋላ ሳጸዳ፣ ከመለዋወጫ ጎማው ሥር አንድ የዛገ የሐዲድ ሚስማር አገኘሁ። ስንት መኪና ሲቀያይር አብሮት ኖሯል። ገና ሳየው በሰናይት ቀናሁ፤ ልክ እንደ ድሮው።

ነገሩ የሆነው የቤንዚን ዋጋ እሳት በሆነበት በዚያ ሰመር ነው። አዲስ ሙሽሮች ነበርን፤ ባሕር ማዶ፣ ዩለስ የምትባል ከተማ ቤት ተከራይተን እሱ ኤርፖርት ሻንጣ ይጭን ነበር። ሰናይት የሥራ ባልደረባው ናት፤ ድሬዳዋ፣ አባቷ ሐዲድ ሲጠግኑ እያየች ያደገች። ዕረፍታቸው ሲገጥም ወደ ምሥራቅ ይነዱና፣ ድሮ ግንድ የሚያመላልስ ባቡር ይሄድበት የነበረውን መንገድ በእግራቸው ይከተላሉ። ማታ ጥድ ጥድ እየሸተተ ይመጣል። ስለ ባቡሩ ሲያወራኝ ስለ እሷ የሚያወራ ይመስለኛል።

«እኔም እመጣለሁ» አልኩት አንድ ቀን።

ማልጄ የሚወደውን ጥብስ ሠራሁ። የቤተ ክርስቲያን ጫማዬንም ተጫማሁ።

«አቦ ሙሽሪት፣ ሰርግ ነው እንዴ የምንሄደው?» አለች ሰናይት። ፍሬው ሳቀ። ሳቁ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ሐዲዱ ተነቅሎ ተወስዷል። የቀረው በጥዶቹ መካከል ቀጥ ብሎ የሚሄድ የአፈር ቁልል፣ የበሰበሰ አግዳሚ እንጨት፣ ጅረት ውስጥ የቆሙ የድልድይ እግሮች ናቸው። ሰናይት ከፊት፣ እሱ ከኋላዋ፣ እኔ ጫማዬን ከጭቃ እየነቀልኩ ከሁሉም ኋላ።

«ፍሬው፣ እዚህ ጋ ታጥፏል!» ትላለች። ይሮጣል። እነሱ የሚያዩት መንገድ ለእኔ ሣር ነበር።

ለምሳ ግንድ ላይ ተቀምጠን ሳህኔን ከፈትኩት። ጥብሱ ሸተተ።

«ዛሬ አርብ ነው እኮ፣ የኔ ቆንጆ» አለ ፍሬው ቀስ ብሎ።

በቅናት ጾሙን ረስቼዋለሁ! ሰናይት ምስር በቃሪያ ይዛ ነበር። ጠቀለለችና ባሌን አጎረሰችው። ሌላ ጠቀለለች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ልትደግምለት ነው ብዬ ፊቴን አዞርኩ።

«ነይ እንጂ ሙሽሪት፣ ክፈቺ አፍሽን!»

ጎረስኩ። ጣፈጠኝ፤ ያም አናደደኝ።

ሚስማሩን ያገኘሁ ዕለት ስለ እሱ ልጠይቃት ለሰናይት ደወልኩላት።

«ሚስማሯን? አንቺ የመጣሽ ቀን ነው ያነሣት። ‹ሚስቴ ለእኔ ብላ ጫማዋን ያበላሸችበት ቦታ ማስታወሻ ናት› ብሎኝ ነበር» አለችኝ።

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ለእኔ አንድም ቀን አላለኝም። የነገረው ለእሷ ነው። ስለ እኔ የተናገረውን እንኳ የያዘችልኝ እሷ ናት፤ ልጠላትም፣ ልርቃትም አልቻልኩም።

አሁን በወር አንድ አርብ ሰናይት ካሮልተን እቤቴ ድረስ መጥታ ትወስደኛለች፤ ወደ ጫካው እንሄዳለን። የጾሙን ምሳ የምቋጥረው እኔ ነኝ።