ያለ ዜማ ድገመው

«መዝሙሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ? በጉባኤ ፊት ቆሜ የዘመርኩት እኔ ነኝ?» አለ ወንድሜ፣ የጫማውን ማሰሪያ እያጠበቀ። ቀና ብሎም አላየኝም።

«መዝሙር ነው እንጂ ውል አይደለም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ሳምንት ሙሉ የት ነበርክ? አፍህን ዘግተህ ከርመህ፣ ሸኚው ደጅ ላይ ሲቆም ታመጣዋለህ?»

«አሁን ተናገርኩ።»

«አሁንማ አውቶብሱ ሊነሣ ነው።»

የወንድሜ ሚስት የቆርቆሮው ሳጥን ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ክዳኑ እንቢ ስላለ በክብደቷ ልትዘጋው። እናቴ ከምሰሶው ሥር ለመንገዳቸው የተቀቀለ ጎደሬ ትልጣለች። በጎጆው ውስጥ ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነበርና ጉልበቷንና ቢላዋዋን እንጂ ፊቷን አላይም። የምንጣላው በአማርኛ ነበር። እናቴ ከአማርኛ የምታውቀው ከግብር ቢሮ የሰማቻቸውን «ክፈል» እና «ነገ ና» የሚሉትን ብቻ ስለሆነ፣ በእኛ ቤት ከእርሷ የሚደበቅ ነገር ሁሉ በአማርኛ ይነገር ነበር።

አሁን አርጅቼ፣ ባለፈው ሳምንት አንድ ብረት ሠሪ ደጁ ላይ የመስኮት ብረት አረንጓዴ ሲቀባ በአጠገቡ አለፍኩ። የቀለሙ ሽታ እግሬን ያዘው። ሰውየው «ምን ፈለጉ አባት?» እስኪለኝ ድረስ ቆሜ ቀረሁ። ያን የቆርቆሮ ሳጥን የቀባሁት እኔ ነበርኩ። የወንድሜን ስምና የሚሄዱበትን አገር በአረንጓዴ ቀለም ጽፌበት፣ ቤታችን ሳምንቱን ሙሉ ቀለም ቀለም ሲሸት ከረመ። እናቴ ራሷን እያመማት፣ ያም ሆኖ ሳጥኑን ከአጠገቧ እንዲያርቁባት አልፈቀደችም።

ወንድሜ ሶዶ ክሊኒክ ውስጥ ቁስል የሚያጥብ ድሬሰር ነበር። ሚስቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሴቶችን ፊደል ታስቆጥር ነበር። ጉባኤያችን ከዚያ በፊት ወደ ጎፋና ወደ ቦረና ሰው ልኳል፤ ከሞያሌ ማዶ፣ ኬንያ ቆላ ድረስ ግን ባልና ሚስት ሲልክ የመጀመሪያው ነበር። ዝግጅቱ ወራት ፈጀ። ክንዳቸውን ተከትበው ሁለቱም ትኩሳት ያዛቸው። ለፓስፖርቱ ፎቶግራፍ ሲነሡ ፎቶ አንሺው እርሷን «አትሳቂ» አላት፤ «ማን ሳቀ? ፊቴ ነው» ብላው በገበያው ሁሉ ተወራ። አባቷ ተበላ ከምትባለው ከተማ በእግሩ ቡልኮ ተሸክሞ መጣ። ወንድሜ «ለበረሃ ቡልኮ?» ሲል ቢቀልድ፣ ሽማግሌው «በረሃ ሌሊት አይበርድም ያለህ ማነው? እዚያ አድረህ ታውቃለህ?» ብሎ አሳፈረው። ወንድሜ ከአንዲት ትንሽ መጽሐፍ ስዋሂሊ ያጠና ጀመር። ጠዋት ጠዋት ላሚቱን በስዋሂሊ ሰላም ሲላት ጎረቤቶቻችን «ላሟ ቀደመችህ፤ እርሷን ይላኩ» እያሉ ይስቁበት ነበር።

እኔም እስቅ ነበር። ያኔ ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። እርሻ እጠላለሁ፤ ግጥም እወዳለሁ። ግጥም ያስተማረኝ የለም፤ ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ፣ የስኳር መጠቅለያም ቢሆን፣ አነባለሁ፣ በጀርባው እጽፋለሁ። ስምንተኛ ክፍልን አልፌ፣ ለማንም ሳልናገር አዲስ አበባ ላለ የመምህራን ማሰልጠኛ ጽፌ ነበር።

የምንኖርበት መሬት የእኛ አልነበረም፤ ጭሰኞች ነበርን። አራሽ ወንድ ከቤቱ ከጠፋ ባለመሬቱ እርሻውን ለሌላ ይሰጣል። እናቴ ደግሞ ዓይኗ እየደከመ፣ እንሰቷን በእጇ እየዳሰሰች የምትለይበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ከሁለት ወንድማማቾች አንዱ መቅረት ነበረበት። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ያነሣው ግን አልነበረም።

የስንብት መዝሙር እንድጽፍ የጠየቀችኝ የወንድሜ ሚስት ናት። «አንተ እያለህ የሌላ ሰው መዝሙር ሊዘመርልን ነው?» አለችኝ። ይህን ተብሎ የማይጽፍ አለ? በወላይትኛ አራት አንጓ ጻፍኩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ማንም የሚጽፋቸው ነበሩ፤ መንገድ፣ ወንዝ፣ የጌታ እጅ። አራተኛዋ ግን፣ በአማርኛ ስትመለስ፣ እንዲህ ትል ነበር፤ ሂዱ፣ እናታችንን እኔ እጠብቃታለሁ፣ እሳቷን አነዳለሁ፣ እርሻዋን አርሳለሁ፣ እስክትመለሱ ከደጇ አልርቅም።

ስጽፋት ስለ ራሴ አላሰብኩም። መዝሙሩ የሚቀር ሰው ድምፅ ያስፈልገው ነበር፤ ሰጠሁት።

ሐሙስ ዕለት የማሰልጠኛው ደብዳቤ ደረሰኝ። ተቀብለውኛል። ያን ቀን ወረቀቴን አውጥቼ አራተኛዋን አንጓ ልሰርዛት እርሳሴን አነሣሁ። አነበብኳት። ከመዝሙሩ ሁሉ የምታምረው እርሷ ነበረች። ድጋሚ አነበብኳት። እርሳሴን አስቀመጥኩ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ሰው በመስኮት ይመለከት ነበር። ወንድሜና ሚስቱ ፊት ለፊት ቆመዋል። ዘመርኩ። አራተኛዋ አንጓ ላይ ስደርስ ከሴቶቹ ወገን ማልቀስ ተጀመረ፤ እኔም ድምፄን ከፍ አደረግሁ። እንደ ጨረስኩ የጉባኤው ሽማግሌ ዱላውን አነሣ።

በእኛ ጉባኤ ሰው ከገዛ ልቡ አውጥቶ በሕዝብ ፊት የዘመረው ነገር እንደ ምስክርነት ይያዝ ነበር። ስንቱ ጠጪ እዚያ ቆሞ ስለ ተወው መጠጥ ዘምሮ፣ በሳምንቱ ጠጅ ቤት ሲገኝ የዘመረውን በቃል እየጠሩ ወቅሰውታል! ይህን አውቃለሁ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ዐይቻለሁ። ግን ይህ ለእነርሱ ነው፣ ለእኔ ለጸሐፊው አይደለም ብዬ አስብ ነበር መሰለኝ።

«ቆዩ፤ አትጨብጭቡ» አለ ሽማግሌው። «ይህ ልጅ ትልቅ ነገር ተናገረ። ዜማው እንዳይሸፍነው። ልጄ፣ የመጨረሻዋን ያለ ዜማ ድገማት።»

አንገቴን ዞር አድርጌ እናቴን አየሁ። ድምፄ ወደሚመጣበት ፊቷን አዙራ ነበር። ደብዳቤው በሸሚዜ ኪስ ውስጥ ነው፤ ስተነፍስ ይሰማኛል። «ይህ መዝሙር ብቻ ነው» ማለት ይቻል ነበር። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ይጠብቀኛል፤ እንደዚያ ተጠብቄ አላውቅም።

ደገምኩት፣ ያለ ዜማ። እናታችንን እኔ እጠብቃታለሁ። የቆርቆሮው ጣራ እስኪንቀጠቀጥ «አሜን!» አሉ። አሜኑ ደስ አለኝ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። አንዲት ጎረቤት እናቴን አቅፋ «ጧሪሽን ጌታ አሳየሽ» ስትላት ሰማሁ። ወደ ቤት ስንመለስ ነው እግሬ የከበደኝ።

ከዚያ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ልናገር እያልኩ አልተናገርኩም። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሸኚዎቹ ከአጥሩ ውጭ ሲያንጎራጉሩ፣ ደብዳቤውን አውጥቼ ወንድሜ ጉልበት ላይ ጣልኩት። ጠቡ የተጀመረው በዚህ ነው።

«ዓመቱን ታገሥ» አለኝ ደብዳቤውን ለሚስቱ እያቀበለ። «በሚመጣው ዓመት እንጽፍላቸዋለን።»

«እስከ ወሩ መጨረሻ ካልመጣህ ቦታህን ለሌላ እንሰጣለን ነው የሚለው። ዓመት የት አለ?»

«ትምህርት አያልቅም።»

«የኬንያ በሽተኛ ያልቃል?»

ይህን ስል ተነሣ። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝም በወደድኩ። «አንተ የሰው አገር ቁስል ለማጠብ የራስህን እናት ለእኔ ጥለህ ትሄዳለህ» አልኩት። «ሰው ሁሉ መሥዋዕት ሆነ ይልሃል። መሥዋዕቱ እኔ ነኝ፤ አንተ አቅራቢው ነህ።»

ወንድሜ አልመታኝም። ፊቱ ላይ ግን ሐፍረት አየሁ፤ ያ ሐፍረት ዛሬም አልጠፋኝም። «ታዲያ ማን ይቅር?» አለ በቀስታ። «አንተው ንገረኝ። ማን ይቅር?»

ከዚያ ወዲህ የሆነውን አስቀድሜ ልንገርህ። ማሰልጠኛው ቦታዬን ለሌላ ሰጠ። ስድስት ዓመት አረስኩ፤ እናቴን በእጄ ቀበርኩ። አስተማሪ ሳልሆን ቀረሁ። ወንድሜ አንድ ጊዜ ብቻ ተመልሶ መጣ፤ የመጣው ብቻውን ነበር። ሚስቱን ወባ እዚያው አስቀርቷታል፤ «መቃብሯን አሸዋ እንዳይሸፍነው ድንጋይ ከምሬበታለሁ» አለኝ። የበረሃው ሌሊት ይበርድ እንደ ሆነ ልጠይቀው አስቤ ተውኩት።

ያን ጠዋት ግን የወንድሜ ሚስት ከሳጥኑ ላይ ተነሥታ ከፊቴ ቆመች። ደብዳቤውን ቃል በቃል አንብባ ጨርሳለች።

«እትዬ፣ አንቺ እንኳ ፍረጂ» አልኳት።

«እኔ አልሄድም ብዬው ነበር» አለችኝ፣ በአማርኛ፣ ወደ ወንድሜ በአገጯ እያመለከተች። «ጠይቀው። ይህችን ሴት እንዲህ ሆና ጥዬ አልሄድም ብዬው ነበር። እሺ ያልኩት እሑድ ነው፤ አንተ ያለ ዜማ የደገምክ ጊዜ። አመንኩህ።»

ወንድሜ አንገቱን ደፋ።

«አሁን ልብህ ቢመለስ አልቀየምህም» ብላ ቀጠለች። «ግን በአማርኛ አይሆንም። በእርሷ ቋንቋ ንገራት። ከነገርካት ጫማዬን አወልቃለሁ። እኔ እቀራለሁ፣ እርሱም ይቀራል፤ ብቻውን አይልኩትም። አንተ በዚሁ አውቶብስ ሂድ።»

ጎንበስ ብላ ጣቶቿን በጫማዋ ማሰሪያ ላይ አደረገች፤ አልፈታችውም። ያን ጊዜ አልገባኝም፤ ዛሬ ግን እንድናገር ትመኝ ነበር ብዬ አምናለሁ። ጣቶቿ ማስፈራሪያ አይመስሉም ነበር፤ የደከመው ሰው ጫማውን ሊያወልቅ ሲል እንደሚያደርገው ነበር።

የእናቴ ቢላዋ ቆመ። «ምንድን ነው የምትሉት?» አለች በወላይትኛ። «ከነጋ ጀምሮ አማርኛ ብቻ። እኔም እኮ እዚህ አለሁ።»

ዘወር አልኩ። ሦስት አራት ቃል ነበር የሚበቃኝ። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እናቴ ፊቷን ወደ ድምፄ አዙራ፣ የተላጠውን ጎደሬ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀችኝ።

«መንገዱ ሩቅ ነው፤ ጎደሬው ይቀዘቅዛል እያሉ ነው» አልኳት።

ሳቀች። «የቀዘቀዘ ጎደሬ ማንን ገደለ? ሂዱ በላቸው። እኔ አንተ አለኸኝ።»

ወንድሜ ወጥቶ ሁለት ወጣቶች ጠራ፤ ሳጥኑን ተሸክመው ወሰዱት። እርሱ የእናቴን ጉልበት ስሞ፣ እኔን ሳያይ አለፈ። ሚስቱ ጥቅሉን ተቀበለች፤ እናቴን አቅፋ ረዥም ጊዜ ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ ደብዳቤውን በአራት አጥፋ ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተተችው፤ የልጅ ልብስ እንደምታስተካክል ኪሴን በመዳፏ ዳበስ አደረገችው።

ወጣች። ብርዱ እናቴን እንዳያገኛት ብላ መሆን አለበት፣ ሳንቃውን ከውጭ ቀስ አድርጋ ሳበችው። ብርሃኑ ከእናቴ ጉልበት ላይ እየጠበበ ሄደ፤ በሩም ገጠመ።