የወደቅኩባቸው ቪዲዮዎች

ቪዲዮ መቀረጽ የጀመርኩት ቤታችን ውስጥ ትልቅ መስታወት ስለሌለ ነው። ያለችን ፊት ብቻ የምታሳይ፣ ጥጓ የተሸረፈች መስታወት ናት። ሆስፒታል እንቅስቃሴ የምታሠራኝ ባለሙያ ግን «ቁጭ ብድግ ስትዪ ጉልበትሽ ወደ ውስጥ እንዳይጣመም በመስታወት እያየሽ አስተካክዪ» አለችኝ። የለንም ለማለት አፈርኩ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ቀጨኔ ባለው ግቢያችን ውስጥ፣ ከእኛ ቀጥሎ ባለችው ክፍል፣ ሹሩባ የምትሠራ ጓደኛዬ ተከራይታ ትኖራለች። ስልኳ ጥሩ ካሜራ አለው። «ቅረጪኝና ጉልበቴን ልየው» አልኳት። የመጀመሪያው ቪዲዮ ያ ነበር። ለማንም ተብሎ አልተሠራም።

ጉልበቴ ማበጥ የጀመረው በአሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ትምህርት ቤቱ ዳገቱ ጫፍ ላይ ስለነበር ጠዋት ጠዋት እናቴ በጀርባዋ ታወጣኝ ነበር። ስድስተኛ ክፍልን ስጨርስ «ከዚህ በላይ የምሸከምበት ወገብ የለኝም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቤት ተቀምጬ ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የጋቢና የነጠላ ጫፍ እቋጫለሁ። ሥራው የመቀመጥ ነው፤ መቀመጥ ደግሞ የቀረውን ጉልበቴን አደረቀው። በሃያ ሦስት ዓመቴ መሬት ላይ ከተቀመጥኩ ሰው ካልጎተተኝ አልነሳም ነበር።

ባለሙያዋ አምስት እንቅስቃሴ አስተማረችኝ። አራቱ ወንበር ላይ ሆነው የሚሠሩ ናቸው። አምስተኛው ወንበር ይዞ ቀስ ብሎ ወደ መሬት መውረድ፣ በአንድ ጉልበት ማረፍ፣ ከዚያ ያለ ሰው መነሳት ነበር። «ይህን ካልቻልሽ ዕድሜ ልክሽን ሰው ስትጠሪ ትኖሪያለሽ» አለችኝ። ለመቻል ሦስት ወር ፈጀብኝ። ብቻዬን የተነሳሁ ቀን ጓደኛዬ እየቀረጸች ነበር፤ እኔ አለቀስኩ፣ እሷ «እስቲ ልልቀቀው፣ እንዳንቺ ቁርጥማት የያዘው ስንት ሰው አለ» አለች። ፊቴ ካልታየ ልቀቂው አልኳት።

አሥራ አንድ ሰው አየው። ሦስቱ የግቢያችን ሰዎች ናቸው።

ከነዚያ ሦስቱ አንዷ ከግድግዳው ወዲያ የሚኖሩት እማማ ነበሩ። ጥጥ ፈትለው የሚያድሩ፣ ልጅ የሌላቸው፣ ምላሳቸው ግቢውን ሁሉ የሚገዛ አሮጊት ናቸው። በማግስቱ በር ላይ ጠበቁኝ።

«አንቺ፣ ለአገር የምታሳዪው ምንሽን ነው? በሽታሽን? እኛ በሽታችንን በጋቢ ሸፍነን ነው የኖርነው።»

«ለሚያማቸው ሰዎች ነው፣ እማማ።»

«እኔን አያመኝም? አንቺን አይቼ ልድን ነው?» ብለው እንዝርታቸውን አሾሩ። «ይልቅ ጉልበትሽን ከማሳየትሽ በፊት ባል አግኚ። ካዩት በኋላማ ማን ያገባሻል?»

እናቴ ከውስጥ ሆና ሰምታ ሳቀች። የሳቀችው አነጋገሩን ወዳው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ሳቀች።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ እየተቀረጽኩ ሳለ የፕላስቲኩ ወንበር ሸርተት አለና በፊቴ ተደፋሁ። ጓደኛዬ ከመሳቋ ብዛት ስልኩ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሳትነግረኝ ለቀቀችው፤ ዘፈን ጨመረችበት፣ የወደቅኩበት ቦታ ላይ «ዘጭ» ብላ ጻፈችበት። ፊቴም ታየ። በማግስቱ ጠዋት ስልኩን ስታሳየኝ ቁጥሩን ማንበብ አቃተኝ፤ እንደዚያ ያለ ረጅም ቁጥር አንብቤ አላውቅም።

አስተያየቶቹን በስድስተኛ ክፍል ንባቤ አንድ በአንድ አነበብኳቸው። «ጉልበቱ ዋስትና የለውም? መልሺና ሌላ ይስጡሽ።» «አያቴ ዘጠና ዓመቷ ነው፣ ሩጫ ትቀድምሻለች።» «ሳቄን ሳልጨርስ ደገምኩት።» አንድ ሰው «ልጅቷን አንሷት እንጂ ምን ትቀርጻላችሁ» ብሎ ጽፎ ነበር። እሱን ዘለልኩት።

ተናድጄ ነበር ብል ውሸት ነው። ሰው ፊት ስቆም ድምፄ የሚጠፋ ሰው ነኝ፤ ሱቅ ገብቼ ሳሙና ለመጠየቅ ሌላው ሰው እስኪወጣ የምጠብቅ ነኝ። በሕይወቴ ሰው አስቄ አላውቅም ነበር። ወደድኩት።

«ሕዝቡ የሚፈልገውን ነገረሽ እኮ» አለች ጓደኛዬ። «ብድግ ስትዪ ማን አየሽ? ስትወድቂ ነው ያዩሽ።»

ስለዚህ መውደቅ ተማርኩ። ሁለት ጋቢ አጥፈን ከምንጣፉ ሥር እናነጥፋለን። አራቱን እንቅስቃሴ በጥድፊያ አሳያለሁ። አምስተኛው ላይ ወንበሩን እይዛለሁ፣ ግራ ጉልበቴን አሳርፋለሁ፣ ትንፋሼን ያዝ አደርግና እጄን ለቅቄ ወደ ፊት እደፋለሁ። እዚህ ላይ ጓደኛዬ ቀረጻውን ታቆማለች፣ በብብቴ ይዛ ታነሳኛለች፣ ከዚያ ወንበሩ አጠገብ ቆሜ «ዛሬም ዘጭ አልኩ» እያልኩ ስስቅ መቅረጿን ትቀጥላለች። የሚያየው ሰው የሚያየው መውደቄንና መቆሜን ብቻ ነው። መካከሉ የለም። ሽሮ ሜዳ የተቋጨ ጋቢ ላስረክብ ስሄድ ሸማኔዎቹ «ዘጭዬ መጣች!» ይሉኝ ጀመር፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ እስቅ ነበር። ሆስፒታል መሄድ ተውኩ። ባለሙያዋ አይታው ይሆናል ብዬ ፈራሁ።

ዐቢይ ጾም ገባ። እማማ በጾም ወቅት ምላሳቸው ይብስባቸዋል፤ ምክንያቱን ግቢው ሁሉ ያውቃል። ሁለት ዓመት ሙሉ መስገድ አልቻሉም። ከዚያ በፊት በሕማማት ሳምንት ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከወጣቶቹ እኩል፣ ግንባራቸው መሬት እየነካ የሚሰግዱ ሴት ነበሩ። ጉልበታቸው ሲይዛቸው የንስሐ አባታቸው «እማማ፣ እንግዲህ ተቀምጠው አንገትዎን ዝቅ ያድርጉ፣ ይበቃል» አሏቸው። እማማ ቤት ሲመለሱ «በአንገቷ የምትሰግደው ዶሮ ናት» ብለው ለሁላችንም ተናገሩ። ዘንድሮ ሞቼም ቢሆን ግንባሬን መሬት አስነካለሁ አሉ። 

የስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሞልቶ ነበር። እኔ ከሴቶቹ ኋላ፣ የድንጋይ አጥሩ ሥር ተቀምጬ ነበር። እማማ ከፊቴ ስድስት ሰው ያህል አልፈው፣ ዛፍ ተደግፈው ቆመዋል። «እግዚኦ» ሲባል ሰዉ ይወርዳል፣ ይነሳል፣ ይወርዳል። እሳቸው ለረጅም ጊዜ ቆመው ብቻ አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን አጥብቀው አሸረጡና በቀኝ እጃቸው ዛፉን ያዙ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ግራ ጉልበታቸውን አሳረፉ። ትንፋሻቸውን ያዝ አደረጉ፤ ትከሻቸው ከፍ ሲል አየሁት። እኔ ነበርኩ። ከወገባቸው አቀማመጥ እስከ አንገታቸው ድረስ እኔ ነበርኩ። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፣ ድምፄ እንደ ልማዱ ጠፋ። እጃቸውን ለቀው ወደ ፊት ተደፉ።

ድምፁ በዜማው ተዋጠ። በዙሪያቸው ያሉት ሴቶች ተነሱ፣ እሳቸው አልተነሱም። ሴቶቹ እንደገና ሰገዱ፣ እንደገና ተነሱ። ግንባራቸው መሬት ላይ ስለነበር ሰው ሁሉ እየጸለዩ መስሎት አለፋቸው። አንዲቱ እንዳትረግጣቸው ነጠላዋን ሰብስባ ዞር አለችላቸው። መውደቃቸውን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ከተቀመጥኩበት ደግሞ ቶሎ መነሳት አልቻልኩም። አጥሩን ይዤ፣ ባለሙያዋ እንዳስተማረችኝ፣ ቀስ ብዬ ተነሳሁ። ስደርስ ሦስተኛው ስግደት አልፎ ነበር።

የዳሌያቸው አጥንት ተሰብሯል።

ሆስፒታሉ በር ላይ ጓደኛዬን «እማማ የመውደቄን ቪዲዮ የት አይተው ነው?» አልኳት። አይኗን ሰበረች።

«እኔ ጋ። ጾሙ ከገባ ጀምሮ ከሰዓት ከሰዓት እየመጡ ያዩሽ ነበር። እንዳትነግሪያት ብለውኝ ነው።»

«ስስቅም አይተዋል? የምለውንስ አልሰሙም?»

«ምኑን ይሰማሉ? ዘፈን ስላለበት፣ ጾም ነው ዝጊልኝ አሉኝ። ዘጋሁት። በዝምታ ነው ያዩሽ።» ከዚያ እኔን እንደማጽናናት አድርጋ «እኔ ምን ላድርግ? ዝጊ አሉ፣ ዘጋሁ» አለች።

ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ግቢ ሲመለሱ ሴቶቹ ተራ ገቡላቸው። ለእኔ ጠዋት ደረሰኝ። የመጀመሪያው ጠዋት ሻይ ይዤ ገብቼ ቆምኩ። እማማ ወደ ግድግዳው ዞረው ነበር።

«ነይ እስቲ፣ ነይ» አሉኝ። «የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

ሻዩን እንደያዝኩ ወደ አልጋቸው ተጠጋሁ።

«ግራውን ነው ያስቀደምኩት። አንቺም ግራውን ነው የምታስቀድሚው። አየር ይዤ እጄን ለቀቅኩ። አንቺ እንዲያ አድርገሽ ትነሺያለሽ። እኔ ለምን አልተነሳሁም?»

ሰበብ ሳዘጋጅ ነው ያደርኩት፤ ሁሉም ጠፋብኝ። «መውደቁ እንቅስቃሴ አይደለም፣ እማማ። ሰው እንዲስቅ ነው። የምታነሳኝ እሷ ናት። ከሥር ደግሞ ጋቢ አለ።»

ፊታቸውን ከግድግዳው ወደ እኔ መለሱ። ከዚያ «ስንት ጋቢ?» አሉኝ።

«ሁለት።»

«ለእኔ ድንጋይ ነበር» አሉ። «ሻዩን አስቀምጪና ውጪ።»

ወጣሁ። በማግስቱ ተመልሼ ገባሁ፤ ውጪ አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ውጪ ለማለት ደከማቸው።

ጓደኛዬን ቪዲዮዎቹን አጥፊ አልኳት። «ሰው ወደቀ ተብሎ ይለቀሳል? ቀጨኔ ቁልቁለት ላይ በየቀኑ ሰው ይወድቃል» አለችኝ። ሁለቱን አጠፋች። የቀሩትን ሌሎች ሰዎች ወስደው ገጻቸው ላይ ለጥፈዋቸዋል፤ ዛሬም እወድቃለሁ፣ ሰውም ይስቃል። ገጹ በእሷ ቁጥር የተከፈተ ስለሆነ ከነተከታዮቹ ለእሷ ቀረ። አሁን የፀጉር ሥራዋን ታሳይበታለች። ሰላም እንባባላለን፤ ከዚያ አያልፍም።

እኔ ሆስፒታል ወደ ባለሙያዋ ተመለስኩ። አይታው ነበር። «አንዱን እንኳ በትክክል ሠርተሽ ብታሳዪ ምን ነበረበት?» ብቻ አለችኝ። ለእማማ የሚሆነውን ጻፈችልኝ። አልጋ ላይ ቁርጭምጭሚት ማንቀሳቀስ፣ ተረከዝን ወደ መቀመጫ መሳብ፣ ከዚያ መቀመጥ፣ ከዚያ ይዞ መቆም። መንበርከክን በተመለከተ ግን ከእንግዲህ አይቻልም አለች። ይህንን የመንገር ተራም ለእኔ ደረሰ። ስነግራቸው «እሱንስ አንቺ ሳትነግሪኝ አውቄዋለሁ» አሉ፤ ያን ቀን ግን ተረከዛቸውን አልሳቡም።

ጠዋት ጠዋት አሠራቸዋለሁ። ይሰድቡኛል። «ደግሞ ዛሬ በየት ልትጥዪኝ ነው?» ይሉኛል። እግራቸውን ስይዝ «ሁለት ጋቢ አንጥፊ» ይላሉ። ወንበር ይዘው ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመው ሦስት ትንፋሽ የቆዩ ዕለት እንኳን ደስ አለዎት ልላቸው ስል አቋረጡኝ።

«አሁን ትክክለኛውን ለሰው አሳዪ። ማን እንደጣለኝም ንገሪያቸው። ፊትሽን አሳይተሽ።»

በእናቴ ስልክ አዲስ ገጽ ከፈትኩ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ፣ ያለ ዘፈን፣ በዚህች በምትጠፋ ድምፄ ሁሉንም ተናገርኩ። መውደቄ ውሸት እንደነበር፣ አንዲት እናት አምነውኝ እንደተሰበሩ። ከዚያ አምስተኛውን እንቅስቃሴ ሳይቆረጥ አሳየሁ። ለመነሳት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፤ እሱንም እንዳለ ተውኩት።

እንደ ድሮው ብዙ ሰው አላየውም፤ ያየው ግን አልማረኝም። እማማ ማንበብ ስለማይችሉ እንዳነብላቸው አዘዙኝ፤ ሁሉንም።

«"ነፍሰ ገዳይ"» ብዬ አነበብኩ።

«እሺ፣ ቀጥዪ።»

«"ልጅቷ ራሷ መሰበር ነበረባት።"»

«እሱን ድገሚው።» ደገምኩላቸው። ሳቁ፤ ሲስቁ ዳሌያቸውን ስለሚያማቸው በእጃቸው ይዘው ሳቁ። በየጠዋቱ እንዲህ ሆነ። እግር እናነሳለን፣ ስድብ አነባለሁ። ድምፄ ሲያንስ «ጮክ በዪ፣ ስትወድቂ ይሰማ የለ!» ይሉኛል። በሕይወቴ ከዚያ በላይ ጮክ ብዬ አንብቤ አላውቅም።

አንድ ጠዋት ከስድቦቹ መካከል አንዲት ሴት እንዲህ ብላ ጽፋ አገኘሁ፤ «እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ለሕማማት እሰግዳለሁ ብላ ትለማመዳለች። እባክሽ ምን ላድርጋት?»

እማማ ፈትላቸውን አቆሙ።

«ተቀምጣ አንገቷን ዝቅ ታድርግ በያት» አሉኝ።

«እርስዎ ግን ዶሮ ናት ብለው ...»

«ጻፊ ነው የምልሽ! የእኔ ትዕቢት ነበር፣ ያንቺ ደግሞ ቅጥፈት። ጻፊ።»

ጻፍኩ። እማማ ግን በጽሑፍ አልረኩም፤ አሮጊቷ ማንበብ ባትችልስ አሉ። ወንበራቸው ላይ ቀና ብለው ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ስልኩን እንዳቀና አዘዙኝ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው፣ ጀርባቸው እስከሚችለው ብቻ፣ ቀስ ብለው ዝቅ አሉ፤ እዚያው ቆዩ፤ ቀስ ብለው ቀና አሉ። አይናቸው ቀልቷል።

«ድምፅ ዘግታ ብታየውም ይገባታል?» አሉኝ።

ቪዲዮውን ድምፁን ዘግቼ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁት።

«ይገባታል።»

«እንግዲያው ላኪላት። ከዚያ የቀረውን ስድብ አንብቢልኝ።»