ለምንይችል ብቻ የነገርኩት የበር ስም

ያለፈው ሐሙስ ከሰዓት የተማሪዎቼን የጂኦግራፊ ፈተና ሳርም ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩን አላወቅሁትም። ድምፁን ግን ገና «ኧረ ጌታቸው!» ሲል ለየሁት። ምንይችል ነበር። ባንዲራ ለብሶ ሜዳ ሲዞር አገር ያጨበጨበለት ሯጭ ማለቴ ነው። እሁድ በሐረር ለሚደረግ የተማሪዎች ሩጫ የክብር እንግዳ አድርገው ጠርተውታል።

«ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ሰዓት ላግኝህ» አለኝ። «የት እንገናኝ?»

ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ ወዲያው እመልስ ነበር። ለእሱ ግን መልሼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁት። ቀይ እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ብዙ ተቀመጥኩ፤ አንድም ወረቀት አላረምኩም።

ምንይችል ወደ ኮሌጃችን ከመምጣቱ በፊት ሯጭ የሚባለው እኔ ነበርኩ። ነገሩ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። የቡድኑ አምበል ነኝ፣ የረጅም ርቀቱ አንደኛ ነኝ። ከልምምድ ስንመለስ ጊደር መጋላ ገበያ መግቢያ ላይ ፈጢራ የሚሸጥ ሰውዬ ነበር፤ ማር የጠጣውን፣ ጥርስ ላይ ኮሽ የሚለውን ጠርዙን ቆርጦ ለእኔ ያስቀምጥልኛል። የዚያች ጠርዝ ነገር ዛሬ ሲያስቡት ያስቃል። ያኔ ግን እንደ ሜዳሊያ ነበረች።

ምንይችል በመስከረም መጣ፤ የጎጃም ልጅ ነው፣ የልብስ ሰፊ ልጅ። በመጀመሪያው ቀን ልምምድ ከጎኔ ሆኖ እየሮጠ ያወራኛል። «ይኼ ዛፍ ምን ይባላል? ያ መንገድ ወዴት ነው? እነዚያ ሴቶች ጫት የሚያመጡት ከየት ነው?» ከሶፊ ነው ልለው ፈለግሁ፤ ትንፋሽ አጠረኝ። እሱ ግን የሚጠይቀው ሻይ ቤት እንደተቀመጠ ሰው ነው። በሮቹን ያስተማርኩት እኔው ነኝ፤ ይኼ ሸዋ በር፣ ይኼ ፈላና በር፣ ይኼ ቡዳ በር እያልኩ።

በጥቅምት የፈጢራው ጠርዝ ወደ እሱ ዞረ። ሰውዬው ምንም ሳይመስለው «ለጎጃሜው ነው» አለኝ። ቀናሁ። ብዙ ሰው ይህን ስሜት ቅሬታ ነው፣ ቁጭት ነው እያለ ያለባብሰዋል፤ የእኔው ግን ቅናት ነበር፣ ምግብ የሚያስጠላ ቅናት። አንድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እግሩን ወለም እንዲለው እግዚአብሔርን ስለምን ራሴን አገኘሁት። ደንግጬ አማተብኩ፤ ልመናዬን ግን መልሼ አልወሰድኩትም።

እንዲህ እያለ የምርጫው ጊዜ ደረሰ። አዲስ አበባ ላይ በሚደረገው የኮሌጆች ውድድር በአሥር ሺህ ሜትር የሚሰለፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። እናቴ ለመንገዴ ቆሎ ቆልታ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ አዲስ አበባ ሊሮጥ ነው» ብላ ጨርሳለች። እኔ ነኝ እርግጠኛ ሆኜ የነገርኳት።

አሰልጣኛችን አው ዘከሪያ ነበሩ። «አው» ሐረሪዎች የሚያከብሩትን ትልቅ ሰው የሚጠሩበት ነው። በምርጫው ዋዜማ ጠርተውኝ፣ «ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት አሱም በሪ። ጀጎልን ሦስት ዙር። ቀድሞ የገባ ይሄዳል፣ ኢንሻ አላህ። ለልጆቹ ሁሉ ንገር» አሉኝ።

የሐረር በር አንድ ስም ኖሮት አያውቅም። ሐረሪው፣ ኦሮሞው፣ አማራው በየራሱ ይጠራዋል። ቅድመ አያቴ ከሸዋ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ እኛ ቤት ፈላና በር የሚባለው በር ለአው ዘከሪያ አሱም በሪ ነው። እዚህ የተወለደ ልጅ ሁሉንም ስም ሳይማር ያውቀዋል። ምንይችል ግን የሚያውቀው እኔ ያስተማርኩትን አንዱን ብቻ ነበር።

ለሌሎቹ ልጆች በየቤታቸው እየዞርኩ «ፈላና በር» አልኳቸው። ምንይችል ሸዋ በር አጠገብ ቤት ተከራይቶ ብቻውን ይኖር ነበር። ካልሲ ሲያጥብ አገኘሁት።

«ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አሱም በሪ» አልኩት።

«የአስም በር?» ብሎ ሳቀ። «ለሯጭ እንዲህ ያለ በር ይመረጣል? የት ነው እሱ?»

«ሰው ጠይቅ፤ የማያውቀው የለም።»

አመሰገነኝ። እጁ አረፋ ስለያዘ ለሰላምታ ክርኑን ሰጠኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ውሸት አልተናገርኩም፣ አው ዘከሪያ ያሉትን ነው ያልኩት እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

በማግስቱ ስንሰበሰብ ምንይችል የለም። አው ዘከሪያ ሰዓታቸውን ደጋግመው አዩ፤ ከዚያ «ያላ!» አሉና ለቀቁን። ነፋሱ ቀዝቃዛ ነበር፤ እግሬ ግን እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም። የጀጎልን ግንብ ይዘን ወደ ሸዋ በር ስንወርድ እየመራሁ ነበር። ምንይችል በሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። አንድ ሽማግሌ ጠይቆ ነበር ለካ፤ እሳቸው «የአስም በር» ሲላቸው አስማዲን በሪ ያላቸው መስሏቸው፣ «ይኸው ልጄ፣ ቆመህበታል» ብለውት አልፈዋል። ሸዋ በር በሐረሪ አስማዲን በሪ ነው።

ሲያየን ብድግ አለ። «ከየት ነው የጀመራችሁት?»

እኔ ፍጥነት ጨመርኩ። ከኋላዬ አንዱ «ከፈላና!» ብሎ ጮኸለት።

ከእኛ ጋር ተቀላቅሎ ቢሮጥ የሚከለክለው አልነበረም። እሱ ግን እኛ ወደመጣንበት፣ ወደ ፈላና በር ነጎደ። ከመነሻው ሊጀምር! ስንተላለፍ ትከሻው ትከሻዬን ነካው። አለቀለት ብዬ ደስ አለኝ። ያ ደስታ እስከ ሁለተኛው ዙር አብሮኝ ቆየ። በሦስተኛው ዙር ቡዳ በር ጋ ዞር ስል ሁሉንም ልጆች አልፎ ብቻውን ይመጣል። እየቀረበ፣ እየቀረበ። አልደረሰብኝም። መጀመሪያ የገባሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ግን ጥቂት ቆይቶ ተከተለኝ፣ እየሳቀ።

አው ዘከሪያ የእጅ ሰዓታቸውን ትክ ብለው አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ጌታቸው፣ ምን ብለህ ነገርከው?»

«አሱም በሪ። እርስዎ እንዳሉት።»

የአው ዘከሪያ ፊት ተለወጠ። «ወላሂ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «እንግዳ ልጅ እኮ ነው፤ የኛን ስም ከየት ያውቃል?» በምንይችል ትከሻ ላይ እጃቸውን ጭነው ይቅርታ ጠየቁት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ይቅርታ ሲጠይቁልኝ ዝም ብዬ አየሁ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

ከዚያም አዲስ አበባ የሚሄደው እሱ መሆኑን ተናገሩ። ቀድሞ የገባ ብለው አልነበረም ወይ ብዬ ተከራከርኩ። «አንተ ልጆቹን ቀደምክ» አሉኝ ረጋ ብለው። «እሱ መቼ እንደተነሣ እኔ አይቻለሁ። እንዲህ የሮጠ ልጅ በእጄ አልፎ አያውቅም።»

የእናቴን ቆሎ ጎረቤቱ በላው። ምንይችል በዚያ ውድድር አሸነፈ፣ ክለብ ወሰደው፣ ከዚያ አውሮፕላን፣ ከዚያ ባንዲራው። እኔ ዲፕሎማዬን ይዤ አስተማሪ ሆንኩ። እሱ በቴሌቪዥን በታየ ቁጥር ሚስቴ «ጓደኛህ!» ብላ ትጠራኛለች፤ እኔም በሮቹን የማያውቅ ጎጃሜ አድርጌ እያሰብኩት አጨበጭባለሁ።

ሐሙስ አመሻሹ ላይ መልሼ ደወልኩለት። «ፈላና በር» አልኩት።

«አሱም በሪ በለኛ!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«የዚያኑ ቀን ነው ልጆቹ የነገሩኝ። ለእነሱ ፈላና እንዳልካቸው።»

«ታዲያ ለምን ለአው ዘከሪያ አልነገርካቸውም?»

«ከቡድኑ ያባርሩህ ነበራ። እኔ ደግሞ ከአንተ በቀር የማውቀው ሰው አልነበረኝም።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምስጢሬን ይዞ ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ለማንም አልተናገረም። ይህን ሳስብ የመጣብኝ ምስጋና ቢሆን ጥሩ ነበር። የመጣው ግን ያው የድሮው ነገር ነው። ይህን ደግነት እኔ ባደረግሁት ብዬ ቀናሁበት። አው ዘከሪያ ደግሞ አሁን በሕይወት የሉም፤ ጥፋቱ የእሳቸው አለመሆኑን ልነግራቸው አልችልም።

ለምንይችል ግን ይቅርታ ልጠይቀው እችላለሁ። ቢያንስ በዚህ ልቅደመው ብዬ ቅዳሜ ከአንድ ሰዓት ግማሽ ሰዓት አስቀድሜ ከቤት ወጣሁ፤ ማር የጠጣ ፈጢራም በወረቀት አስጠቅልዬ ያዝኩ። ከጊደር መጋላ ወደ ፈላና ያለውን ጠባብ መንገድ በዚህ ጉልበቴ ሮጥ ሮጥ እያልኩ ነው የወጣሁት። ከበሩ ስደርስ ትንፋሽ አጥሮኝ ነበር።

ምንይችል ቀድሞኝ ግንቡን ተደግፎ ቆሟል።